የሹፌሩ ወንበርና የረዳቱ እግር

ጂም የሚባለው ነገር ለእኔ ዓይነት ሰው አልተሠራም። ዋጋውን ብቻ አይደለም የምለው፤ ሰዓቱም አይገጥምም። ሜትር ታክሲ የሚነዳ ሰው ምሳውን መቼ እንደሚበላ እንኳ አያውቅም። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ብሎ ቀጠሮ የሚይዘው ከየት አምጥቶ ነው? ስለዚህ ይህን የምጽፈው ጂም ለማይገባ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ነው። ሹፌር ብቻ አይደለም። ባንክ ቤት መስኮት ጀርባ የሚውለውም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ኮምፒውተር ላይ ተተክሎ የሚያመሸውም ያው የእኔ ቢጤ ነው። ልዩነታችን የእኔ ወንበር ቦሌ ደርሶ መመለሱ ነው።

ሜትር ታክሲ ከመግባቴ በፊት ሚኒባስ ነበር የምነዳው፤ ከጀሞ ሜክሲኮ። አብሮኝ የሚሠራው ረዳት ቀጭን ልጅ ነበር። ሲበላ ግን አይጣል ነው! የእኔን እጥፍ ይበላል። እኔ ሆዴ መሪው ሊነካ ሲደርስ እሱ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል። ሰው ሁሉ "ወጣት ስለሆነ ነው" ይላል። ወጣትነቱ አለበት፣ አልክድም። ግን ምን ሲያደርግ እንደሚውል ተመልከቱት። ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይጣራል፣ ዕቃ ይጭናል፣ ብር ሊዘረዝር ሱቅ ድረስ ይሮጣል። እኔ ደግሞ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ነዳጅ። በቃ።

ይህንኑ ነገር ጄሪ ሞሪስ የሚባል እንግሊዝ አገር የነበረ ሐኪም ድሮውኑ አጥንቶታል። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ነው። ሰውዬው የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶብስ ሠራተኞች ያዘ። ሹፌሩ ተቀምጦ ይውላል። ትኬት ቆራጩ ግን ፎቁን ሲወጣ ሲወርድ ነው የሚውለው፤ በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? የልብ ሕመም በትኬት ቆራጮቹ ላይ ከሹፌሮቹ በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። መኪናው አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ ጭሱ አንድ!

ሞሪስ ግን በዚህ አላቆመም፤ እኔ የወደድኩትም ይህንኑ ነው። ቀጥሎ የሠራተኞቹን የዩኒፎርም ልክ አገላበጠ። ሹፌሮቹ ገና ከመጀመሪያው ወገባቸው ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የወንበሩ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሥራዎች ላይም ሲታይ ግን ነገሩ ወደዚያው አደላ፤ የሚንቀሳቀስ ሰው ልቡ ይሻላል። ሰውዬው ራሱ 99 ዓመት ኖሯል።

እኔም ከዚያ የያዝኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ሹፌር ሆነህ የረዳቱን ሥራ ወደ ቀንህ አስገባ። የማደርገው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። ጠንከር ያለ ከሆነ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ይበቃል። ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ደግሞ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን። ለእኛ ዋናው ዜና ግን ሌላ ነው። የድሮው መመሪያ እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ካልዘለቀ አይቆጠርም ይል ነበር። አዲሱ ያንን አንስቶታል። ደንበኛ እየጠበቅክ ሦስት ደቂቃ ብትንቀሳቀስ ይቆጠርልሃል። እንግዲህ ከመጠበቅ የተሠራ ሥራ ላለው ሰው ከዚህ በላይ ምን የምሥራች አለ?

ከቤቴ ልጀምር። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰር የለም። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ ግፊቱ ሲያንስ ደግሞ እኛ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ጀሪካን ይዞ መውጣት የቤታችን ወግ ነው። ባለቤቴ "ሰው ከፍሎ የሚያነሳውን ብረት አንተ በነፃ አገኘኸው" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ግን አንዱን ትልቅ በአንድ እጅ ይዞ ወደ ጎን ተጣሞ መውጣት ወገብን ይጎዳል። ሁለት ባለ 10 ሊትር ወይም ባለ 5 ሊትር፣ በየእጁ አንድ አንድ ይሻላል። ከመሬት ስታነሱ ጉልበታችሁን አጥፉ፣ ጀሪካኑን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉ፣ በእግራችሁ ተነሱ።

ባዶ እጅም ቢሆን ደረጃው ይበቃል። አንድ ፎቅ 18 ደረጃ አለው ብንል አራት ፎቅ 72 ነው። በቀን ሦስት ጊዜ የወጣው ሰው ከ200 ደረጃ በላይ ወጣ ማለት ነው። የለንደኑ ትኬት ቆራጭ ላይ ባይደርስም ቀላል አይደለም። ጀማሪ ሁለት ፎቅ ወጥቶ ይረፍ፤ ማንም አያባርረውም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ይበልጥ የሚጠነቀቀው ሲወርድ ነው። መውረድ ጉልበት ላይ ከመውጣት ይበልጥ ይጫናል። የደረጃውን ብረት ይዛችሁ፣ ቀስ ብላችሁ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው በሩብ ያህል ያንሳል። ከዱባይና ከዋሽንግተን የሚመጡ ዘመዶቻችን ሻንጣ ይዘው አንድ ፎቅ ሲወጡ የሚያለከልኩት ለዚህ ነው፤ አትሳቁባቸው። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሩጫ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት እንጦጦ ካልወጣሁ ሲል እሰማለሁ። ለምን? ከማን ጋር ሊወዳደር ነው? አትሌቶቻችን ራሳቸው በቀላል ልምምድ ቀን ጫካ ውስጥ ተከታትለው ቀስ እያሉ ነው የሚሮጡት። በቴሌቪዥን የምናየው የመጨረሻውን ዙር ስለሆነ አትሌት ሁልጊዜ የሚበር ይመስለናል።

ልኩን ለማወቅ ሰዓትም መሣሪያም አያስፈልግም። እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ ልክ ነው። መዝፈን ከቻላችሁ ጨምሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ቀንሱ። እሁድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ብትሄዱ ሁሉንም ዓይነት ሰው ታያላችሁ። በየደረጃው ወዲያ ወዲህ የሚሮጡ አሉ፣ በቡድን ሙዚቃ ከፍተው የሚዘሉ አሉ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዞር ዞር የሚሉ እናቶችም አሉ። እኔ ከእናቶቹ ጋር ነኝ። ስፖርት ከጀመርኩ ወዲህ ትልቁ ወጪዬ ጫማ ነው፤ ሶሉ ያላለቀ፣ ተረከዝ የማይጎረብጥ። ሰልባጅም ቢሆን ግድ የለም።

አሁን ወደ ወንበሩ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጓደኞቼን ወገባቸውን የጨረሰው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ቦርሳችሁን ከኋላ ኪሳችሁ አውጡ። በአንድ ቂጥ ከፍ ብሎ አሥር ሰዓት መቀመጥ ዳሌን ያጣምማል፣ እስከ እግር የሚወርደውን ነርቭም ይጫናል። ቀጥሎ ወንበሩን ወደ መሪው አስጠጉ። ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ጉልበታችሁ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። እግራቸውን ዘርግተው፣ ጋደም ብለው የሚነዱ ልጆች አሉ። ያምርባቸዋል፣ አልዋሽም። ማታ ወገባቸውን ይዘው ሲወርዱ ግን አያምርባቸውም።

የስፖኪዮውን ዘዴ ደግሞ ሞክሩት። ጠዋት ቀጥ ብላችሁ ተቀምጣችሁ የውስጡን ስፖኪዮ አስተካክሉ። ከዚያ አትንኩት። ከሰዓት በኋላ የኋላው መስታወት መታየት ሲያቆም ስፖኪዮው አይደለም የተንቀሳቀሰው፤ እናንተ ናችሁ የተንሸራተታችሁት። ቀና በሉ። ማንም ሳይናገራችሁ መኪናው ራሱ ይቆጣችኋል።

ውኃን በተመለከተ የሹፌሮች ምሥጢር አለ። ሽንት ቤት ስለሌለ አንጠጣም። ጠዋት አንድ ማኪያቶ፣ ከዚያ እስከ ማታ ደረቅ። ሽንቱ ሲጠቁር፣ ጠጠር ሲመጣ ደግሞ "ኩላሊቴን" ማለት ነው። እኔ ሽንት ቤታቸው ንጹሕ የሆኑ ማደያዎችንና ካፌዎችን በየሰፈሩ አውቃለሁ። ሽንት ቤት ሳይ መውረድ፣ ስወርድ መጠጣት። መውረዱ ራሱ እኮ የረዳቱ ሥራ ነው! የሽንት ቀለም ገለባ ከመሰለ ደህና ናችሁ።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ ሁሉም ሰው ሐኪም ሆኖበታል። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም ጥሩ ነው። ሻይ ላይ የምንጨምረውን ስኳር ግን ቁጠሩት። ሦስት ማንኪያ የሚያደርግ ሰው በቀን አራት ሻይ ሲጠጣ 12 ማንኪያ ነው። ምሳ ከበላችሁ በኋላ ደግሞ ቀጥታ ወንበር ላይ አትውጡ። አሥር ደቂቃ ተራመዱ። የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል፤ ከምሳ በኋላ የሚመጣው እንቅልፍም ይቀላል። ስልኬን አጠፋና አንድ ዙር እዞራለሁ። አንድ ሥራ ቢያመልጠኝ ያምልጠኝ።

በጾም ወቅት ጠንከር ያለውን ነገር ከመብላቴ ትንሽ ቀደም ብዬ አደርገዋለሁ፤ ወዲያው እበላለሁ፣ እጠጣለሁ። ሙስሊም ጓደኛዬ በረመዳን ከአፍጥር በኋላ ነው የሚራመደው። በሁለታችንም ዘንድ በጾም ጊዜ ሪከርድ መስበር የለም። በሶ በጥብጦ መያዝ ደግሞ ለማንም ይሆናል።

የቦሌ ኤርፖርት ሥራ ሌሊት ነው የሚበዛው። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው ጠዋት ስፖርት ልሥራ ቢል አልደግፈውም፤ ይተኛ። ዓይናችሁ ከከበደ መኪናውን አቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ መስኮት ትንሽ ክፈቱ፣ 20 ደቂቃ ተኙ። ቡና ከዚያ በኋላ። ተሳፋሪ ይዛችሁ ከሆነም ንገሩት። አንድ ሌሊት አንዲት እናት አሳፍሬ ነግሬያቸው "ተኛ ልጄ፣ እኔ እጸልያለሁ" ብለውኛል።

ጡንቻን በተመለከተ ሦስት ነገር ይበቃኛል። አንደኛው ቁጭ ብድግ ነው። የመኪናውን በር ከፍታችሁ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ሳትወድቁበት ነካ አድርጋችሁ ተነሱ። አሥር ጊዜ፣ እረፍት፣ እንደገና አሥር። ሁለተኛው ፑሽ አፕ ነው፤ መሬት ላይ ሳይሆን መኪናው ላይ ተደግፎ። ኮፈኑ ላይ አይደለም፣ ይፈጃል! ከኋላ በኩል። ሦስተኛው ተረከዝ ማንሳት። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሞ በጣት መነሳት፣ ቀስ ብሎ መውረድ። ባታችን ሲኮማተር እግር ላይ የተጠራቀመውን ደም ወደ ልብ ይገፋል፤ ማታ ጫማ የሚጠብበት ሰው ይህን አይዝለል። በመጨረሻ አንድ እግር ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ አድርጎ የዳሌን ፊት መሳብ ነው። ተቀምጦ የዋለ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ያጥራል፤ ወገቡ የሚያመውም አንዳንዴ ለዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያ የግድ ነው። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ወደ ግራ እጅ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ከቀዝቃዛ ላብ ጋር ከመጣ ስፖርቱም ሥራውም ይቁም፤ በቀጥታ ሆስፒታል። ራሳችሁ እየነዳችሁ አይደለም። አንድ እግር ብቻ ድንገት ካበጠና ካመመም እንደዚያው። ግፊታችሁን ደግሞ ተለኩ፤ በርካታ ፋርማሲዎች ይለካሉ። ደጋግሞ ከ140/90 በላይ ካሳየ ሐኪም ጋ መሄድ ነው እንጂ ነጭ ሽንኩርት ብቻ አይበቃም።

ብዙውን ነገር የማደርገው ግን ማደያ ሰልፍ ላይ ነው። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን ግማሽ ቀን እዚያ ያልቃል። ሌላው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል፤ እኔ ወርጄ ቁጭ ብድግ እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ወጣቶቹ "ጋሼ፣ ለኦሎምፒክ ነው?" ይሉኝ ነበር። አሁን ሁለት ሦስቱ አብረውኝ ይሠራሉ፤ አንዱማ ከእኔ በልጦ ፑሽ አፑን እየቆጠረ ያናድደኛል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ቁልፉ ኪሳችሁ ይሁን፣ ዓይናችሁም ከፊት ካለው መኪና አይነሳ። ሰልፉ ተንቀሳቅሶ እናንተ ሰባተኛው ቁጭ ብድግ ላይ ከሆናችሁ፣ ከኋላ ያለው ስምንተኛውን አይጠብቅም። ቦታችሁን ይወስዳል።