ሰኔ ላይ የሚሞላ ነጥብ

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ባልደረባ ባልደረባውን የሚመዝንበት ቅጽም የሚሞላው በዚሁ ሰሞን ነው፤ ፍርዱን የሚያዛባውም ወሩ ራሱ ይመስለኛል።

በምሥራቅ ጎጃም፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ ባለ ቀበሌ ሦስት የልማት ሠራተኞች አሉ እንበል፦ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት። የተፈጥሮ ሀብቱ ባለሙያ ላቡን ያፈሰሰው ጥርና የካቲት ላይ፣ እርከን ሲያሠራ ነው። የሰብሉ ባለሙያ ግን አሁን፣ ማዳበሪያ ሲከፋፈል፣ ሰው ሁሉ እያየው ይሮጣል። መዛኙ ትዝ የሚለው የቅርቡ ነው፤ በደንብ የተሠራ እርከን ደግሞ ካልተናደ በስተቀር ማንም ስሙን አያነሳውም። ማንም ክፉ ሳያስብ ያው ሙያ በየዓመቱ ይጎዳል። ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ባልደረባ በየወሩ መጨረሻ ሁለት መስመር መጻፍ ይገባል፦ ቀኑ፣ የታየው ሥራ፣ ውጤቱ። «ታታሪ ነው» ማስረጃ አይሆንም። «የእርከኑን አግድም መስመር በውኃ ልክ አረጋግጦ ሁለት ቦታ አስተካከለ» ይሆናል።

ሌላው ስህተት የቆየ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 እ.ኤ.አ. የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሰጡትን ነጥብ ሲመረምር የአካል ብቃቱ፣ የአእምሮው፣ የጠባዩ ነጥብ ከሚገባው በላይ ተያይዞ አገኘው፤ አንዱ መልካም ነገር ሌላውን ሁሉ አስወድዷል። ይህን ለመቀነስ ሰዎቹን ሁሉ በመጀመሪያው መስፈርት ብቻ መዝኖ መጨረስ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ማለፍ ነው። አንዱን ሰው ከላይ እስከ ታች ሞልቶ ወደ ሌላው መሄድ ስህተቱን ይጋብዛል።

ነገሩ የአእምሮ መዛነፍ ብቻ ቢሆን ሥልጠና በበቃው ነበር። የሥራ አመራር ተመራማሪው ሎንጌኔከርና ባልደረቦቹ በ1987 እ.ኤ.አ. ያነጋገሯቸው 60 የአሜሪካ ሥራ አስፈጻሚዎች ነጥቡን እያወቁ ከፍና ዝቅ እንደሚያደርጉ ተናግረዋል፤ ጠብ ላለመፍጠር፣ የደመወዝ ጭማሪ ለማስገኘት፣ አልፎም ለማስጠንቀቅ። እኛም ዘንድ ነጥቡ ከደረጃ ዕድገት፣ ከዝውውርና ከትምህርት ዕድል ጋር ሲታሰር፣ ኃላፊውም ለዞን የሚልከው ሪፖርት እንዲያምር ሲፈልግ፣ ይሉኝታና «እከክልኝ ልከክልህ» ቅጹን ይሞሉታል።

ሒሳቡን እንየው። የባልደረባ ምዘና ድርሻ ከ100ው ነጥብ 15ቱ ነው እንበል። ሁሉም ለሁሉም 5 ከ5 ከሰጠ ማንም ከማንም አይለይም፤ ያ 15 እንደሌለ ነው፤ ውሳኔው በሙሉ ለኃላፊው ይተላለፋል። ከአምስት መዛኞች አንዱ ቂም ይዞ 1 ቢሰጥ ደግሞ አማካዩ 4.2 ይሆናል፤ ሰውየው 2.4 ነጥብ ያጣል። ሌሎቹ ሁሉ እኩል በሆኑበት ይህ የመጨረሻ ያደርገዋል። በአማካይ ፈንታ ነጥቦቹን በቅደም ተከተል ደርድሮ መካከለኛውን መውሰድ ቂመኛውን ጉልበት ያሳጣዋል።

ሦስት ሠራተኞች ባሉበት ቀበሌ ግን ለአንዱ መዛኞቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ መካከለኛ የሚባል አይኖርም፤ ስም ሳይጻፍም ማን እንደሰጠ ይታወቃል። ሥራውን በዓይናቸው ያዩ የአጎራባች ቀበሌ ባለሙያዎች መጨመር አለባቸው፤ ያላየ ሰው ከተጨመረ ወሬ ይመዝናል።

ከሁሉም አብልጬ የምሟገትለት ዓላማዎቹን መለየት ነው። ታኅሣሥ ላይ ነጥብ የሌለው፣ «ይህን ቀጥል፣ ይህን አስተካክል» የሚል ወረቀት፤ ሰኔ ላይ ለውሳኔ የሚሆን ነጥብ። የታኅሣሡ ወረቀት በባለቤቱ እጅ ይቅር እንጂ የግል ማኅደር ውስጥ አይግባ። አንድ ጊዜ ከገባ፣ በሚቀጥለው ታኅሣሥ የሚጻፈው ምስጋና ብቻ ይሆናል።