መኪና የማይወጣበት እሑድ በኪጋሊ

ኪጋሊ የሄድኩት ለአራት ቀን ሥልጠና ነው። ስለ ሥልጠናው ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥን፣ ተማርን፣ የምስክር ወረቀታችንን ተቀበልን። የመመለሻ ትኬቴን ከቅዳሜ ወደ ሰኞ ያዛወርኩት ግን ለአንዲት እሑድ ስል ነው። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ከሆንኩ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። በወር ሁለት እሑድ ዋና ዋና መንገዶቿን ዘግታ ለሕዝቧ ስፖርት የምትለቅ ከተማ መኖሯን ስሰማ ኖሬ፣ ደጃፏ ድረስ ደርሼ ሳላይ መመለስ አልሆነልኝም።

አጀማመሩ አላማረም። ከአውሮፕላን ማረፊያ ያመጣኝ ባለታክሲ 25,000 የሩዋንዳ ፍራንክ ተቀበለኝ። የእንግዳ ማረፊያዋ ሠራተኛ ይህን ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከ12,000 በላይ መክፈል አልነበረብኝም። ሰው አገር ገብቶ ዋጋ ሳይነጋገሩ መሳፈር ጥፋት ነው፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቅዳሜ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ያረፍኩት ኪሚሁሩራ በሚባለው ሰፈር ነው። ከመስኮቴ ትይዩ ካለው መጠጥ ቤት የሚወጣው ሙዚቃ የአልጋውን ራስጌ ያንቀጠቅጠው ነበር። በብርድ ልብስ ተሸፋፈንኩ፣ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ወተፍኩ፣ ተነሥቼ መስኮቱን ደግሜ ዘጋሁ፤ ለውጥ የለም። ልክ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ግን ዝም፣ ጭጭ አለ። ጠዋት ስጠይቅ የመንግሥት ውሳኔ መሆኑን ነገሩኝ፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ የመዝናኛ ቤቶች በሥራ ቀናት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ እስከ 8 ሰዓት ብቻ ይሠራሉ። እኔ በምኖርበት ሰፈር ያለው ጭፈራ ቤት የሚዘጋው ጎሕ ሲቀድ ነው። ሰኞ ጠዋት ዴስክ ላይ ተደፍተው የሚያንቀላፉ ተማሪዎቼን ባሰብኩ ቁጥር ያ የ8 ሰዓት ጸጥታ ትዝ ይለኛል።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼ ሞተር ብስክሌት አስቆምኩ። ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ላይኛው መንገድ እስከ 4 ሰዓት ዝግ ነው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «ለእናንተ ስፖርት ነው፤ ከእኔ ግን የግማሽ ቀን ገቢ ይሄዳል» አለኝ። ይህን የተናገረበት ፊት አብሮኝ ዋለ። እንዲህ ያለ ዕቅድ ሲነደፍ የዚህን ሰው የጠዋት ገቢ የሚያስብለት ሊኖር ይገባል።

በእግሬ ሽቅብ ወጣሁ። ዳገቱ እንደ እኛ ሰፈር መንገድ በኮብልስቶን የተነጠፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ሲደረግ ተወዳዳሪዎቹ እየደጋገሙ የወጡት ይህንኑ ዳገት ነው። ኪጋሊ ከአዲስ አበባ ከ700 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ትንፋሼ አልከዳኝም፤ እንቅልፍ አጥቼ እንኳ ደስ እያለኝ ወጣሁት።

አናቱ ላይ፣ የስብሰባ ማዕከሉ ክብ ጉልላት አጠገብ ስደርስ መጀመሪያ የገረመኝ ድምፁ ነው። ሞተር የለም፣ ጥሩምባ የለም፤ አስፋልቱን የሚዳስስ የሺህ ጫማ ኮቴ ብቻ ይሰማል። ባልና ሚስት፣ ካህን የሚመስሉ ሽማግሌ፣ የመሥሪያ ቤት ካናቴራ የለበሱ ሴቶች ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ። አንድ አባት የልጁን ብስክሌት ኮርቻ ከኋላ ይዞ፣ በነጩ የመንገድ መስመር ላይ ጎንበስ ብሎ ይሮጣል። ልጅቷ እንደያዛት እያሰበች ትጮኻለች፤ እርሱ ግን ከለቀቃት ቆይቷል።

ከዚያ አለፍ ብሎ ድንኳን ተተክሏል። ስኳርና የደም ግፊት በነጻ ይለካል። ሰልፍ ያዝኩ። ከፊቴ ኪቴንጌ የሚባለውን አበባማ ጨርቅ የታጠቁ፣ የፕላስቲክ ጫማ ያደረጉ እናት ነበሩ፤ አገሬ ቢሆን እማማ ብዬ የምጠራቸው ዓይነት። ነርሷ የመለኪያውን ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ጠምጥማ ስትነፋ ዓይናቸውን ከመለኪያው ጠቋሚ አልነቀሉም። ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው። አራት ቦታ አጠፉት፤ እናቴ ብር በነጠላዋ ጫፍ እንደምትቋጥረው በልብሳቸው ጫፍ ቋጠሩትና ወደ እርምጃቸው ተመለሱ። የእኔ ተራ ሲደርስ 148 በ95 ወጣ፤ ከልኩ በላይ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሳሯሩጥ የደም ግፊቴን ተለክቼ አላውቅም ነበር።

የነርሷን ምክር የተረጎመልኝ ከኋላዬ የተሰለፈ ወጣት ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ። ውሃ ገዝቶ ሰጠኝ፤ ብሩን ልመልስለት ብል እንቢ አለ። እየተራመድን ነገሩን አጫወተኝ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው በወር አንድ ጊዜ ነበር፤ ቆይቶ ሁለት ሆነ፤ ከኪጋሊ ውጪ ወዳሉ ወረዳዎችም ተዛመተ። እነርሱ ቢሮ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የስፖርት ሰዓት አለ። «ዝናብ ከመጣስ?» አልኩት። «ሰው ይቀንሳል፤ መንገዱ ግን ይዘጋል» አለኝ።

ይህች መልስ ውስጤን ነካችው። እኛም እኮ ሐሳቡ አልጠፋንም። በ1990 ዓ.ም የወጣው ብሔራዊ የስፖርት ፖሊሲያችን ሕዝቡ በሚኖርበት፣ በሚማርበትና በሚሠራበት ቦታ ስፖርት እንዲያዘወትር ይላል፤ ኮሌጅ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። በ2011 ዓ.ም ኅዳር «መንገድ ለሰው» የተባለው የእኛው ከመኪና ነጻ ቀን ሲጀመርም ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ወጥቼ ነበር። ትንሹ አስፋልቱ መካከል ተንጋሎ ሰማይ ያየበትን ዕለት አልረሳውም። ከዚያ ወዲያ በእኛ ሰፈር አንዴ መጣ፣ አንዴ ቀረ፤ ሰው ቀኑን እየረሳው ሄደ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሜዳ ደግሞ ግማሹ መማሪያ ክፍል ተሠርቶበታል። ክፍል መሥራቱን አልቃወምም፤ ልጆቹ መቀመጫ ያስፈልጋቸዋል። ነገር ግን ሜዳው ሲቆረስ የት ይሩጡ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በአንድ ክፍለ ጊዜ 65 ተማሪ ይዤ እወጣለሁ፤ ሃያው ይሮጣል፣ የቀረው ግድግዳ ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል።

በኪጋሊም ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አይደለም። 4 ሰዓት ላይ መንገዱ ሲከፈት ወጣቱ ሞተር አስቁሞ ዋጋውን በራሱ ቋንቋ ተነጋገረልኝ፤ 1,000 ፍራንክ ብቻ። ወደ ሸለቆው ስንወርድ ልጆች በቀይ አፈር ላይ በጨርቅ የተሠራ ኳስ ይራገጣሉ፤ እኛ የካልሲ ኳስ የምንለውን። ላይ 45,000 ሰው የሚይዘው የአማሆሮ ስታዲየም ታድሶ ቆሟል፤ እነርሱ ዘንድ ግን የጎል ብረት እንኳ የለም። ከሰዓት በኋላ ንያንዱንጉ የተባለውን፣ ከረግረግ የታደሰ መናፈሻ አየሁ፤ ውብ ነው፣ መግቢያው ግን በገንዘብ መሆኑን አልወደድኩትም።

ከተመለስኩ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሜትር ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩና የቀረውን ሜዳ ለካሁ፤ 31 ሜትር በ18። ርእሰ መምህሩ ለሰፈሩ ነዋሪም በሩን ለመክፈት ተስማሙ። ከዚያ አጠገባችን ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ ግፊት የሚለካ አንድ ባለሙያ እንዲልኩልን ለመንኳቸው። ኃላፊዋ ያቀረብኩላቸውን የጥያቄ ጽሑፍ አንብበው፣ «ሰው አይቸግረንም፤ ቀኑን ቆርጣችሁ ንገሩን» አሉኝ።

የወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አልኳቸው። መዝገባቸው ላይ ጻፉት።