ደመና ሲሚንቶ ትቆፍራለች

ጾሙ ከገባ ወዲህ ምክንያቱን ለይቼ የማልናገረው ድብርት ተጭኖኛል። የታኅሣሥ ብርድ ይሁን፣ የሥራው መደራረብ ይሁን፣ አብራኝ ትኖር የነበረችው ልጅ ከሄደች በኋላ የቤቱ ጭር ማለት ይሁን አላውቅም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ በዚህ ወር ሜዳው ሁሉ አመዳይ ለብሶ ነው የሚነጋው፤ ፀሐይዋም ብትወጣ እስከ ረፋዱ ድረስ ለወጉ ያህል ናት። እንዲህ ባለ ሰሞን ሰው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ስለ ነፍሱ ማሰብ ይገባው ነበር። እኔ የማስበው ስለ አንዲት ጥንቸልና ስለ መጸዳጃዋ ነው።

ደመናን የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ ያቺው ልጅ ለትምህርት ስትሄድ «አደራ» ብላ ትታልኝ የሄደችው ግራጫ ጥንቸል ናት። በዚህ ቤት ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ ብቻ የምትበላ እርሷ ስትሆን፣ ቀን ቀን ከአልጋው ሥር ተጋድማ ስለምትውል መኖሯም ይረሳል። ጥንቸል የሚበረታው ጎሕ ሲቀድና ማታ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ስለሆነ፣ የእርሷ የሥራ ሰዓት የእኔ እንቅልፍ በሚጣፍጥበት በንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። የፕላስቲክ ሳፋ በነበረን ጊዜ ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ትገባና በሁለት የፊት እግሮቿ ጭዱን በፍጥነት ትምሰዋለች፤ ጭዱም በኋላ እግሮቿ መካከል እያለፈ እስከ ግድግዳው ድረስ ይበተናል። ወለሉ ሲገለጥ ፕላስቲኩን መቧጨር ትጀምራለች፤ ያ ድምፅ ጥርስ ያፋጫል። ከዚያ ወጥታ የሳፋውን ከንፈር በጥርሷ ነክሳ ብድግ ታደርገዋለች፣ ትለቀዋለች፣ ደግማ ብድግ ታደርገዋለች፤ በዚህ ካልተሳካላት አገጯን ከሥሩ አስገብታ በአንገቷ ትሸከመዋለች። በመጨረሻም ሳፋው ዷ ብሎ ሲደፋ ጀርባው ላይ ወጥታ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ፊቷን ታጥባለች። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል እየተነሣ ሲያነቃንቀን የከረመውን የመሬት መንቀጥቀጥ ያሳለፈ ሰው በሌሊት ዷ የሚል ነገር ሲሰማ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም፤ እኔ ዛሬም ድረስ መጀመሪያ ቀና ብዬ የማየው አምፖሉ ይወዛወዝ እንደሆነ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ማንበብ ከጀመርሁ ወዲህ ቁጣዬ ጥቂት በርዷል። ይህ ለማዳ ጥንቸል መሠረቱ የስፔንና የፖርቱጋል ምድር ነው፤ በዚያ ያሉት የዱር ዘመዶቹ መሬት ሰርስረው፣ ጉድጓዱን ከጉድጓድ አገናኝተው፣ ተሰብስበው ይኖራሉ። ድንበራቸው እንዲታወቅም ፍጋቸውን የሚጥሉበት የተለየ ስፍራ አላቸው። ደመና ያለ ብዙ ድካም በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ መጸዳዳትን የለመደችው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ያንኑ ዕቃ የምትቆፍረውም ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ንጽሕናዋን አያችሁ?» እያልሁ የምኮራበትና ሌሊት ተነሥቼ የምረግመው ጠባይ አንድ ሥር ያለው መሆኑን ሳውቅ የትኛውን እንድትተው እንደምፈልግ ግራ ገባኝ። ደግሞም ቢታሰብ፣ በዚህ ቤት ውስጥ ከእግሯ ሥር ፈቀቅ የሚልላት ነገር ቢኖር ያ ጭድ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ሲሚንቶ ነው።

ዕድሜውም አለበት። ጥንቸል ከአራት እስከ ስድስት ወር ሲሆናት ለአካለ መጠን ትደርሳለች፤ ከዚያ በኋላ ክልሌ የምትለውን ማስከበር፣ መቆፈር፣ ዕቃ እየነከሱ መወርወር ይበረታል። ሴቷ አንዳንዴ ወንድ ሳይደርስባት ያረገዘች ይመስላትና ከ16 እስከ 18 ቀን ያህል ጎጆ ስትቆፍር፣ የገዛ ፀጉሯን እየነጨች ስታነጥፍ ትሰነብታለች። የሚመከረው ማኅፀኗን ማስወጣት ነው። ስለዚህ የማውቃቸውን የእንስሳት ሐኪም ባማክራቸው፣ በግና ውሻ ሲያኮላሹ የኖሩ መሆናቸውን፣ ለጥንቸል የሚሆነውን ማደንዘዣ መጥነው ለመስጠት ግን እጃቸው እንደማይደፍር ነገሩኝ። ይህን ፊት ለፊት በመናገራቸው አከበርኋቸው። ለትንሽ እንስሳ ማደንዘዣ ቀልድ አይደለም።

የቀረው የዕቃው ነገር ነበር። መገልበጡ የሚመጣው ከዕቃው ቅለት ስለሆነ የማይነሣ ነገር ስፈልግ ከጓዳ የተቀመጠው የአያቴ ገበቴ ታየኝ፤ ሰፊ ነው፣ ከባድ ነው፣ ጠርዙም ለጥርስ አይመችም። ሐሳቤን ለእማዬ ባወጣው ቡናውን መቅዳት አቆመች። «አንቺ ልጅ፣ ጤነኛም አይደለሽ! እናቴ ሊጥ ያቦካችበትን ገበቴ ለጥንቸል ሽንት?» አለችኝ። ቀጥላም በኦሪት ከማይበሉት የተቆጠረ እንስሳ እህል ባለበት ቤት መኖሩ ራሱ እንደማይጥማት አስረዳችኝ። መንዜ ስለሆነች ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ። ይህንኑ የተናገረችው እናቴ ግን በመጣች ቁጥር በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን የካሮት ቅጠል ከአልጋው ሥር ገፋ አድርጋ እንደምትሄድ የማላይ ይመስላታል።

በመጨረሻ ብየዳ ቤት ሄጄ በላሜራ የተሠራ ሣጥን አሠራሁ፤ ሦስት ጎኑ ከፍ ያለ፣ መግቢያው ዝቅ ያለ፣ ስፋቱም ተጋድማ ልትዘረጋበት የሚበቃ ነው። በያጁ ልጅ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ለዶሮ» አልሁት፤ ጥንቸል ብለው ወሬው ገበያ ሳይደርስ አይመሽም። ከላይ ሽንቱና ፍጉ የሚወርድበት፣ መዳፍ ግን የማያሳልፍ የሽቦ ወንፊት አደረገለትና ጫፉን በሞረድ አለሰለሰው። ወንፊቱ ግማሹን ብቻ እንዲሸፍን ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጥንቸል እግር እንደ ድመት መዳፍ ያለው ሳይሆን ፀጉር ብቻ የለበሰ ስለሆነ ሽቦ ላይ ሲውል ሲያድር ይላጥና ይቆስላል። በሌላው ግማሽ ላይ ድርቆሽ ከላይዋ አንጠለጠልሁላት። ጥንቸል እየበላች የምትጸዳዳ በመሆኗ አፏ ሥራ ሲያገኝ እግሯም አደብ ይገዛል። ከሥር የማነጥፈው ካርቶንና የጤፍ ጭድ ነው። አናጺው ሰጋቱራ በነጻ ሊሰጠኝ ፈቃደኛ ነበር፤ ነገር ግን አቧራው አፍንጫዋን ያስነጥሳታል፣ ከጥድ የወጣው ደግሞ ሽታው ጠንካራ ስለሆነ ለሳንባዋ አይበጅም ብዬ ተውሁት። ሳጸዳም ሁሉንም ጠርጌ አልጥልም፤ ጥቂት አሮጌ ጭድ ካልቀረላት ቦታዋን የወሰዱባት ይመስላትና እንደ አዲስ ምልክት ለማድረግ ትነሣለች። ሽንቷ ካልሲየም ስለሚበዛበት ላሜራው ላይ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፤ እርሱን የማስለቅቀው በአቼቶ ነው። ሣጥኑን በሽቦ ከአልጋው እግር ጋር አሰርሁት። ግድግዳው ላይ ማሰር ይሻል ነበር፣ ነገር ግን አከራይዬ እትዬ ምስማር የሚባል ነገር መስማት አይወዱም።

መገልበጡ ቆመ። ቁፋሮው ግን አልቆመም፤ ቦታ ቀየረ። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ የነቃሁት በቁም ሣጥኑና በግድግዳው መካከል ባለችው ጥግ ሲሚንቶውን ስትቧጭር ሰምቼ ነው። ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ፣ ጥቂት ትቧጭርና ትቆማለች፣ የወጣ አፈር ያለ ይመስል በፊት እግሮቿ ወደ ኋላ ትጠርጋለች፣ አሽትታ እንደገና ትጀምራለች። ምንም የሚወጣ ነገር የለም። ያ የሳፋው ዷ ማለት እንቅልፍ ከመንሳት አልፎ ምንም አላደረገኝም ነበር፤ ይኼኛው ግን አስቀመጠኝ።

ተቀምጬም ያሰብሁት በመንዝ ደጋ ያለውን የጓሳ ሜዳ ጥንቸል ነው። በልጅነቴ እማዬ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ስትሄድ ተከትያት አይቼዋለሁ፤ ከሣሩ ውስጥ እግሬ ሥር ብድግ ብሎ ሲፈተለክ ከእርሱ ይልቅ እኔ ደንግጬ ነበር። ያ የደጋ ጥንቸል ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም፤ ከዚህችኛዋም ጋር መልኩ ይመሳሰላል እንጂ አኗኗሩ አይገናኝም። እርሱ ጉድጓድ አይቆፍርም። ሣሩን በሰውነቱ ተጭኖ ይተኛል፣ እዚያው ሜዳ ላይ ይወልዳል፤ ግልገሎቹም ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸው በርቶ ነው የሚወለዱት። የደመና ወገኖች ደግሞ በ31 ቀን ገደማ ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ ሆነው ይወለዳሉና ጉድጓድና የእናት ፀጉር ከሌላቸው በብርድ ያልቃሉ። ጓሳ ላይ መቆፈር የፍልፈል ሙያ ነው፤ ቀይ ቀበሮም የፍልፈልን ጉድጓድ እየጠበቀ ይኖራል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ጭላዳውም ተቀምጦ በጣቶቹ ሥር ይምሳል። ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ብርድ ያለ ጉድጓድ የሚያድረው ግን ጥንቸሉ ነው።

የገረመኝ ይህ ነው፦ ሰው ለማዳ ያደረገው የሚቆፍረውን እንጂ የማይቆፍረውን አይደለም። ምስማር እንኳ የማይመታበት ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ሜዳ ላይ የሚተኛውን ይመርጥ ነበር፤ ወለል አይጭርበትም፣ ጥግ አይዝበትም፣ ሣጥን አይደፋበትም። ነገር ግን ያኛው ከሰው ጋር አያድርም። እኔ እንደምገምተው፣ የራሱ ቤት ያለው እንስሳ ነው በሰው ቤት የሚስማማው፤ ቤት ምን እንደሆነ ያውቃልና ማስተካከል ያለበት ነገር ይታየዋል። ከዚህ ላይ ዓይኔ ወደ ግድግዳው ሄደ። እዚህ ቤት ስገባ ምስማር የተከለከለለት የአባቴ ፎቶ ዛሬም ወለሉ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ነው፤ መጽሐፎቼም ከካርቶን አልወጡም። ከሁለታችን ይህ ቤት የእርሷ ነው ብላ የምታምነው እርሷ ናት። ይህን ያህል ከታሰበ በኋላ አርፍጄ ወደ ሥራ መሄዴ የማይቀር ነበር፤ አለቃዬንም «ጥንቸሌ ስለ ቤት አሳሰበችኝ» ልላቸው አልችልም።

ማታ ስመለስ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ካልነካው የጓሮ ጥግ በጆንያ መረሬ አፈር አመጣሁ። መረሬ ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፤ ስለዚህ ጨፍልቄ ከጭድ ጋር ቀላቅዬ በአሮጌው ሳፋ ሞላሁትና ጥጉ ላይ አኖርሁት። አፈር የሞላበት ሳፋ አይገለበጥም። እትዬ ጆንያውን በግቢው ሳሳልፍ አይተው «ልጄ፣ ጎመን ልትተክዪ ነው?» አሉኝ፤ አዎም አይደለምም የማይባል ነገር አጉተምትሜ ገባሁ። ደመና ሳፋውን ዞራ አሸተተች፣ ገባች፣ እስክትሰለች ቆፈረች። ከዚያ መረሬ በተለወሰ እግሯ አልጋዬ ላይ ወጣች።

አሁን የቀረው ብቸኝነቷ ነው። ጥንቸል ጓደኛ ካላት ድብርቱም ቁፋሮውም ይቀንስላታል ይባላል። ይህንኑ ለእማዬ በስልክ ባጫውታት ዝም ብላ አዳመጠችኝና «ጓደኛው ለእርሷ ነው ወይስ ለአንቺ?» አለችኝ። ወሬውን ወደ አፈሩ መለስሁት። እውነቱን ለመናገር የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው፤ ወንድ ካመጣሁ ከወር በኋላ የሚሆነውን ለእትዬ ማስረዳት አለብኝ፣ ሴት ካመጣሁ ደግሞ ሁለቱ ተስማምተው ላሜራውን በዚህና በዚያ ይዘው ቢያነሡትስ?