አፄ ካሌብን ሪዮ ውስጥ አገኘኋቸው

ከሳኦ ፓውሎ ሪዮ ዴ ጄኔሮ የገባሁት በሌሊት አውቶቡስ ነው። ስድስት ሰዓት ግድም ይፈጃል። መንገዱን ተኝቼ ጨረስኩት። መናኸሪያው በር ላይ የያዝኩት ታክሲ ግን ለአጭር መንገድ 90 ሬያል አስከፈለኝ። ግማሹ ይበቃው ነበር አሉኝ በኋላ። በጣም ተናደድኩ። ማታ ደግሞ ከመስኮቴ ሥር ሲጨፈር አደረ።

በማግስቱ እንቅልፍ እንዳጣሁ ሳኣራ ወደሚባለው ገበያ ወረድኩ። የሶርያ፣ የሊባኖስና የአይሁድ ነጋዴዎች ያቀኑት ሰፈር ነው። መርካቶ ያደገ ሰው እዚህ እንግድነት አይሰማውም። ጨርቁ በር ላይ ተሰቅሏል፣ ነጋዴው ይጣራል፣ ተሸካሚው እየገፋህ ያልፋል። የመጣሁበት ግን ለሸመታ አልነበረም። አልፋንዴጋ በሚባለው መንገድ ላይ፣ በሱቆቹ መሀል፣ የቅዱስ ኤሌስባኦና የቅድስት ኢፊጄንያ ቤተ ክርስቲያን አለ። ኤሌስባኦ የሚሏቸው የአክሱሙ ንጉሥ አፄ ካሌብ ናቸው።

ስደርስ አንዲት አሮጊት በሩን ሊዘጉ ነበር። ፖርቱጋልኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። «ኢትዮጵያ» ስላቸው ግን ቁልፉን ኪሳቸው ከተው እጄን ያዙኝ። ከሐውልቱ ፊት አቁመውኝ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያሳያሉ። ፊቱ ጥቁር ነው። የለበሰው ካርሜላውያን የሚባሉትን የካቶሊክ መነኮሳት ልብስ ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እሳቸውም ዝም ብለው ጠበቁኝ።

አፄ ካሌብ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቀይ ባሕርን ተሻግረው የናግራንን ክርስቲያኖች የፈጀውን የደቡብ ዓረቢያ ንጉሥ ዙኑዋስን ወግተዋል። በእኛ ትውፊት ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው መንነዋል። ታሪካቸውን በፖርቱጋልና በብራዚል ያስፋፉት ካርሜላውያን ናቸው። ለዚህ ነው ልብሳቸውን ያለበሷቸው። በብዙ ምስሎች ላይ በአንድ እጃቸው ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው ጦር ይዘው፣ ዘውድ የደፋ ነጭ ንጉሥ ረግጠው ይታያሉ። ኢፊጄንያም በትውፊቱ ሐዋርያው ማቴዎስ ያጠመቃት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት።

የቤተ ክርስቲያኑን ማኅበር በ1740 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው የመጡ ሰዎችና ነፃ የወጡ ጥቁሮች ናቸው። ኢትዮጵያን አይተዋት አያውቁም። አብዛኞቹ ከምዕራብ አፍሪካ ነበሩ። መዋጮ እያወጡ የሞተባቸውን በክብር ይቀብሩ ነበር። ሰው እንደ ዕቃ በሚሸጥበት ከተማ፣ ነጭ ንጉሥ ድል የነሣ ጥቁር ንጉሥ መርጠው ተንበረከኩለት። ይህ ድፍረት ይገርመኛል። ስለ አፄ ካሌብ ትምህርት ቤት ስንማር ብራዚልን ያነሳልን አስተማሪ አለመኖሩ ይቆጨኛል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቫሎንጎ ወደብ ሄድኩ። ከ1811 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሪያ ጫኝ መርከቦች የሚያራግፉበት ነበር። 900 ሺህ ገደማ አፍሪካውያን በዚያ እንዳለፉ ይገመታል። በኋላ ተደፍኖ ተረሳ። በ2011 እ.ኤ.አ. ለግንባታ ሲቆፈር ድንጋዩ ወጣ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዘገበው። አሁን የሚታየው ያልተስተካከለ የድንጋይ ንጣፍ ነው። አጠገቡ መኪናው ያልፋል። ብራዚል ባርነትን የሻረችው በ1888 እ.ኤ.አ. ነው።

ሪዮ የምትሄዱ ካላችሁ ባሕር ዳርቻው አይጠፋባችሁም። ወደ ሳኣራ ግን በሥራ ቀን ጠዋት ውረዱ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ተዘግቶ ካገኛችሁ ከጎን ያሉትን ባለሱቆች ጠይቁ።