የዓለም ከተሞችን ትስስር በእጄ ማስላት ስጀምር

ስለ ግሎባላይዜሽንና ስለ ዓለም ከተሞች (የዓለምን ኢኮኖሚ ስለሚያስተሳስሩ ትልልቅ ከተሞች) ማንበብ ከጀመርኩ ቆየሁ። ነገሩ በደንብ የገባኝ ግን ቁጥሮቹን ቁጭ ብዬ ራሴ ማባዛትና መደመር ስጀምር ነው። እናንተም በዚህ መንገድ ላይ ካላችሁ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መነሻውን በአጭሩ። የከተማ ፕላን ምሁሩ ጆን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1986 የዓለም ከተማ መላምቱን አቀረበ። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሯ ሳስኪያ ሳሰን ደግሞ በ1991 ኒውዮርክን፣ ለንደንንና ቶኪዮን ይዛ የፋይናንስና የሙያ አገልግሎት ድርጅቶች እነዚህን ከተሞች እንዴት የዓለም ኢኮኖሚ ማዘዣ እንዳደረጓቸው አሳየች። አንድ ችግር ግን አልተፈታም ነበር። ሁሉም ስለ ትስስር ያወራል፣ በእጅ ያለው መረጃ ግን የየከተማው የብቻ ገጽታ ነው፤ የሕዝብ ብዛት፣ የዋና መሥሪያ ቤቶች ቁጥር፣ የመሳሰለው። ስታቲስቲክስ በአብዛኛው የሚሰበሰበው በአገር ደረጃ ስለሆነ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ምን እንደሚፈስ የሚነግረን ብዙም የለም።

የጂኦግራፊ ምሁሩ ፒተር ቴይለርና ባልደረቦቹ በ1998 በእንግሊዝ ላፍበራ ዩኒቨርሲቲ የግሎባላይዜሽንና የዓለም ከተሞች የምርምር መረብን ሲመሠርቱ ይህንን ክፍተት ይዘው ነው የተነሱት። በ1999 ባወጡት ዝርዝር 55 ከተሞችን ከከፍተኛው ደረጃ ጀምሮ አልፋ፣ ቤታና ጋማ ብለው መደቡ። አልፋ የሆኑት 10 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በ2000 የ100 ድርጅቶችን ቢሮዎች በ315 ከተሞች ውስጥ መዘገቡ።

የዘዴው ሐሳብ ደስ ይላል። ከተሞችን የሚያገናኟቸው በየከተማው ቢሮ የከፈቱ የኦዲት፣ የባንክ፣ የማስታወቂያ፣ የሕግና የማማከር ድርጅቶች ናቸው ይላል። እያንዳንዱ ቢሮ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል። ቢሮ ከሌለ 0፣ መደበኛ ቢሮ ከሆነ 2፣ ዋና መሥሪያ ቤት ከሆነ 5። ከዚያ ለእያንዳንዱ ድርጅት የሁለቱን ከተሞች ነጥብ ታባዛለህ፣ የሁሉንም ድርጅቶች ውጤት ትደምራለህ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ ለልምምድ ሦስት ከተሞችና ሦስት ድርጅቶች ያሉት ትንሽ ሠንጠረዥ ፈጠርኩ። ኦዲቱ በከተማ ሀ 5፣ በለ 2፣ በመ 0። ባንኩ 2፣ 2 እና 3። የሕግ ድርጅቱ 3፣ 0 እና 2። ሀ ከለ ጋር 14፣ ሀ ከመ ጋር 12፣ ለ ከመ ጋር 6 መጣ። ስለዚህ የሀ ጠቅላላ ትስስር 26 (14 እና 12 ሲደመሩ)፣ የለ 20፣ የመ 18 ሆነ። አሁን የቢሮዎቹን ነጥብ ብቻ ደምሩ፤ ለ 4 አለው፣ መ 5 አለው። መ የበለጠ የቢሮ ነጥብ ይዞ በትስስር ከለ ያነሰው ለምንድነው? ለ ያለው መደበኛ የኦዲት ቢሮ የኦዲቱ ዋና መሥሪያ ቤት ካለበት ከተማ ጋር ስላገናኘው ነው። ያቺ አንዲት ቢሮ ብቻዋን 10 ነጥብ አመጣች። ከማን ጋር ተሳሰርክ የሚለው የሚወስነውን ያህል የቢሮ ነጥብህ ስንት ነው የሚለው አይወስንም፣ ይህ ደግሞ ስንት ጽሑፍ አንብቤ እንደዚህ ጥርት ብሎ አልታየኝም ነበር።

ልብ በሉ፣ ስሌቱ የከተሞችን ግንኙነት በቀጥታ አይለካም፤ ይገምታል። ትልልቅ ቢሮዎች እርስ በርስ ብዙ ሥራ፣ ሰውና መረጃ ይለዋወጣሉ የሚል ግምት ከማባዛቱ በስተጀርባ አለ። አሳማኝ ግምት ነው፣ ግን ግምት ነው። ዝርዝሩን እንደ የከተሞች የውድድር ውጤት የሚያነቡት ሰዎች ይህንን ቢያውቁት ምንኛ ጥሩ ነበር!

ሌላው በጣም የገረመኝ የቴይለር የ2004 ሥራ ነው። ያንኑ ስሌት ወስዶ በድርጅቶቹ ቦታ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችን አስገባ። አንደኛ የወጣችው ናይሮቢ ናት። ቀመሩ ያው ነው፣ የተለወጠው የምንቆጥረው ነገር ነው። የጂኦግራፊ ምሁሯ ጄኒፈር ሮቢንሰን በ2002 ይህ ዓይነቱ ጥናት አብዛኛዎቹን የድሃ አገራት ከተሞች ከካርታው ውጭ ያስቀራቸዋል ብላ ስትተች ክርክሩ ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል ባይ ነኝ። ቴይለርንና ሮቢንሰንን ጎን ለጎን አንብቧቸው፣ ለየብቻ ስታነቧቸው የማይታይ ነገር ይታያችኋል።

አሁን የያዝኩት ሥራ ድርጅቶችን አንድ በአንድ እያወጣሁ ደረጃው ምን ያህል እንደሚናጋ ማየት ነው። ከትንሿ ሠንጠረዥ ላይ ኦዲቱን ሳወጣ መ በ18 አንደኛ ሆነ፣ ሀ ወደ 16፣ ለ ወደ 10 ወረደ። ድርጅቶቹ 100 ሲሆኑ መናጋቱ እንደሚቀንስ እጠብቃለሁ፣ ግን ምን ያህል የሚለውን በእጅ ማስላት አይቻልም። ይህን በፓይተን (በኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) የሞከረ ካለ ኮዱን ቢያካፍለኝ በጣም ደስ ይለኛል።