ሁለት ሲም፣ ሁለት ቦርሳ

የሰፈራችን ባለሱቅ ከሻማውና ከክብሪቱ በላይ ሁለት ወረቀት ለጥፏል፤ በአንዱ ላይ በ09 የሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥሩ፣ በሌላው ላይ በ07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም ቁጥሩ በወፍራም እስክሪብቶ ተጽፏል። ዘይትና ስኳር ገዝቼ ሒሳብ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ብሩን በየትኛው ነው የሚልኩት?» ይለኛል። ስልኩ ባለሁለት ሲም ነው፤ እንደ ብዙዎቻችን። የቴሌኮም ገበያችን መከፈቱ በተራ ሰው ኑሮ ውስጥ ምን እንዳስከተለ ለማየት ከዚህ ጥያቄ የተሻለ ቦታ የለም ብዬ አምናለሁ።

ስለ ገበያው መከፈት ሲወራ በመጀመሪያ የሚነሳው የዋጋ ነገር ነው፤ ሁለተኛ ኩባንያ ሲመጣ የመጀመሪያው ዋጋ ይቀንሳል ይባላል። በእኛ አገር ግን ትልቁ የዋጋ ቅናሽ የመጣው ተፎካካሪ ከመግባቱ በፊት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን ደግሞ በ40 በመቶ ሲቀንስ በገበያው ውስጥ ብቻውን ነበር። በ1990ዎቹ ሲም ካርድ ለማግኘት ተመዝግቦ ወረፋ ይጠበቅ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ ያ ቅናሽ ራሱ ትንሽ ነገር አልነበረም። ስለዚህ እኔ የምከራከረው ስለ ዋጋ አይደለም። ገበያውን የቀረፀው የሁለተኛው ኩባንያ መምጣት ብቻ ሳይሆን፣ በፈቃዱ ውስጥ የተጻፉት ጥቃቅን ሁኔታዎች ናቸው፤ ከእነዚያ መካከልም አንዱ ከሁሉም ይከብዳል።

የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲወጣ፣ ዘርፉን የሚቆጣጠርና ፈቃድ የሚሰጥ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ። ባለሥልጣኑ ሁለት ፈቃድ ለጨረታ አቀረበ፤ የቀረቡት ተጫራቾችም ሁለት ብቻ ነበሩ። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት፣ ቮዳኮምን፣ ቮዳፎንን፣ የጃፓኑን ሱሚቶሞንና የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ፋይናንስ ድርጅትን ይዞ፣ 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ በግንቦት 2013 ዓ.ም. አሸናፊ ተባለ። ኤምቲኤን ያቀረበው 600 ሚሊዮን ዶላር ግን ተቀባይነት አላገኘም። በወቅቱ ብዙ ሰው የተከራከረው በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ስላለው ልዩነት ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ፈቃዱን የሚገዛው ኩባንያ ምን እንደማያገኝ በተጻፈው ላይ ነው። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት መስጠት አይችልም ነበር፤ የኔትወርክ ማማ ከሚያከራዩ ነፃ ኩባንያዎችም መከራየት አይችልም ነበር፣ ወይ ራሱ ይተክላል፣ ወይ ከመንግሥቱ ድርጅት ይከራያል።

የማማው ነገር ከውጭ ሲታይ የቴክኒክ ጉዳይ ይመስላል። አንድ ማማ ማለት ግን ብረት ብቻ አይደለም፤ ከባለመሬት ጋር የሚደረግ ድርድር፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር፣ የናፍጣ አቅርቦት፣ ባትሪ፣ ጥበቃ፣ እስከ ማማው የሚደርስ ፋይበር ወይም የማይክሮዌቭ መስመር ማለት ነው። አዲስ ገቢው ከነባሩ ድርጅት ጋር ለደንበኛ እየተሻማ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የዚያው ድርጅት ተከራይ መሆኑ የማይቀር ነበር። በሌሎች አገሮች ማማን ለብቻው የያዘ ኩባንያ ለሁሉም እያከራየ በአንድ ምሰሶ ላይ የብዙዎች አንቴና ይሰቀላል፤ ይህም ተራ መስሎ የሚታይ ግን ወጪን ከሥሩ የሚለውጥ የንግድ ፈጠራ ነው።

ከሁሉም የከበደው ግን የገንዘቡ ክልከላ ነው። ኬንያ ውስጥ ሳፋሪኮምን ሳፋሪኮም ያደረገው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ኤምፔሳ ነው፤ ይህን ኩባንያ ያለ ኤምፔሳ መጋበዝ ጥሩ ወጥ ሠሪን ጠርቶ በርበሬ እንደ መከልከል ነው። ቀኖቹን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ የጥምረቱ አሸናፊነት የታወጀው በዚያው ወር፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነው። አዲሱ ኩባንያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ አገልግሎት ሲጀምር የሚሸጠው ድምፅና ዳታ ብቻ ነበር። የኤምፔሳ ፈቃድ የተገኘው በግንቦት 2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለዚያም ተጨማሪ 150 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል። ነባሩ ድርጅት ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሜዳ ላይ ሌላ የቴሌኮም ተፎካካሪ አልነበረውም ማለት ነው።

ይህን ጊዜ በከንቱ አላሳለፈውም፤ እውነቱን መናገር ይገባል። ቴሌብር በስማርት ስልክ ብቻ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ከከተማ ባልወጣ ነበር፤ *127# ብሎ የሚደውል ሰው ዳታም ሆነ ውድ ስልክ አያስፈልገውም። ከዳሽን ባንክ ጋር በመሆን የጀመራቸው አገልግሎቶች ስማቸው ራሱ ልብ ይነካል፤ ብድሩ «መላ»፣ ሒሳብ ሲያጥር የሚሞላው «እንደኪሴ»፣ ቁጠባው «ሳንዱቅ» ይባላሉ። ስም ያወጣላቸው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር። ባንክ ደጃፍ ቆሞ ማስያዣ ለመጠየቅ የሚያፍር ሰው ለጥቂት ቀን የሚሆን ብድር በስልኩ ሲያገኝ፣ ይህ ከኢንተርኔት ፍጥነት በላይ የሚቆጠር ለውጥ ነው።

መንግሥት በበኩሉ ተጠቃሚን በመመሪያ ጭምር አመጣ። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲሆን ሲወሰን፣ ማደያ ላይ ጥሬ ብር የሚቆጥረው ቀጂ የሰሌዳ ቁጥር አስገቢ ሆነ፤ ሹፌሩ የምስጢር ቁጥሩን ይነካካል፣ መልእክቱ እስኪመጣ ሁለቱም ስልካቸውን ያያሉ፣ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባ ያሰማል። የድርጅቱ ባለቤት፣ ደንቡን አውጪውና ደንበኛውን ወደ አገልግሎቱ የሚመራው አንድ አካል ሲሆን፣ ዳኛውና ተጫዋቹ አንድ ዓይነት ማሊያ ለብሰዋል ብሎ የሚያማርር ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። በሌላ በኩል፣ ያለዚያ ግፊት ያ ሁሉ ሹፌር በአንድ ዓመት ውስጥ በስልክ መክፈል ይለምድ ነበር ወይ ብባል፣ አይመስለኝም።

የአክሲዮን ሽያጩም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ በ100 ሚሊዮን አክሲዮን ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ በ300 ብር ለሕዝብ ሲቀርብ፣ የሚገዛው በቴሌብር መተግበሪያ በኩል ነበር። ዝቅተኛው መጠን 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ሽያጩ ሲዘጋ የተሸጠው ወደ 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገደማ ሆነ። ለዚህ የኑሮ ውድነቱም የአክሲዮን ገበያ ልማድ አለመኖሩም የየራሳቸው ድርሻ ይኖራቸዋል። በመጀመሪያ ቀን ስልኬ ላይ ገብቼ ቁጥሮቹን አንብቤ፣ አስቤ፣ ዘግቼው የወጣሁት እኔም ካልገዙት መካከል ነኝ።

አሁን በግሌ የምጠብቀው የአምስተኛው ትውልድ ኔትወርክን መስፋፋት አይደለም። የሱቁ ባለቤት የድሮ ቁጥሩን መጣል አይችልም፤ በሩ ላይ በቀለም ተጽፏል፣ አከፋፋዩ ያውቀዋል፣ የዱቤ ደንበኞቹ በእሱ ነው የሚደውሉለት። ስለዚህ አዲሱ ኩባንያ ምንም ያህል ርካሽ ጥቅል ቢያቀርብለት ደንበኛነቱ የሚጨመር እንጂ የሚዛወር አይሆንም። ቁጥርን እንደያዙ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገርና ከአንዱ የስልክ ገንዘብ ቦርሳ ወደ ሌላው በቀላሉ መላክ፣ ከአዲስ ማማ ይልቅ የፉክክሩን ሚዛን የሚለውጡ ይመስለኛል።

ትናንት ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ደርሼ፣ ባለሱቁ በደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሮ የቀኑን ሽያጭ ሲደምር አገኘሁት። በመጀመሪያው ላይ 09፣ በሁለተኛው ላይ 07፣ በሦስተኛው ላይ «ጥሬ» ይላል። ከሦስቱ የትኛው እንደሚበልጥ ስጠይቀው ሳቀና በእስክሪብቶው የመጨረሻውን ዓምድ ነካ አደረገው።