የማይጫወቱ ተጫዋቾችን የሚሰበስበው ክለብ

ካናዳ ካልጋሪ ከኖርክ ወደድክም ጠላህም የበረዶ ሆኪ ጆሮህ ውስጥ ይገባል፣ ስራ ቦታ ክረምቱን ሙሉ ወሬው እሱ ነው። እኔ ያቺን ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ እስካሁን በአይኔ ተከትዬ አልጨረስኩም፣ እኔን የሚመስጠኝ ብሩ ነው። እና ሁሌ የሚያከራክረኝ ነገር አለ፣ "ሳላሪ ካፕ (አንድ ክለብ ለተጫዋቾች ደሞዝ ከዚህ በላይ አያወጣም የሚለው ጣሪያ) ባይመጣ ድሃ ክለቦች አልቀው ነበር" የሚሉት። ግማሹን እቀበላለሁ። ሌላውን ግማሽ ለመስማት ግን አሪዞና ድረስ መሄድ አለብን (ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ)።

መጀመሪያ ግን ድሮ የነበረው ችግር እውነተኛ ነበር። ኤንኤችኤል፣ ማለትም የአሜሪካና የካናዳ ክለቦች የሚጫወቱበት የሆኪ ሊግ ውስጥ ደሞዝ የሚከፈለው በአሜሪካ ዶላር ነው፣ የካናዳ ክለቦች ደሞ ቲኬት የሚሸጡት በካናዳ ዶላር፣ እሱ ዶላር 2002 መጀመሪያ ላይ ወርዶ ወርዶ 62 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ደርሶ ነበር። ከዛ በፊት ኩቤክ በ1995 ክለቧን ለኮሎራዶ አስረክባለች፣ ዊኒፔግ በ1996 ለፊኒክስ፣ አዎ በረሃ ውስጥ ላለችው ፊኒክስ። ጃንዋሪ 2003 ላይ ኦታዋና ቡፋሎ በአንድ ወር ውስጥ ኪሳራ ብለው ፍርድ ቤት ገቡ። ፒትስበርግማ በ1998 ሲከስር ከትልልቆቹ ባለዕዳዎቹ... ማለቴ ገንዘብ ከሚጠይቁት ሰዎች አንዱ የራሱ ኮከብ ማሪዮ ሌሚዩ ነበር፣ ያልተከፈለው ደሞዝ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጠራቅሞ፣ እሱን ወደ ድርሻ አስቀይሮ በ1999 ክለቡን ራሱ ያዘው። ይሄን ታሪክ በጣም ነው የምወደው።

ከዛ የሊጉ ኮሚሽነር ጋሪ ቤትማን ጣሪያ ካልተበጀ ጨዋታ የለም አለ፣ 2004-05 ሙሉ ሲዝን ተሰረዘ። ሙሉ! መጨረሻ ላይ ሊጉ ለአንድ ክለብ 42.5 ሚሊዮን ሲል የተጫዋቾቹ ማህበር 49 ሚሊዮን ብሎ ነበር፣ በ6.5 ሚሊዮን ልዩነት ተለያዩ። ተጫዋቾቹ በጋ ላይ ሲፈርሙ ስንት አገኙ? 39 ሚሊዮን። እምቢ ካሉት ያነሰ ማለት ነው፣ ያውም የነበራቸው ኮንትራት ላይ 24 ፐርሰንት ተቆርጦባቸው።

እሺ፣ ባለሀብቶቹ አሸነፉ፣ ድሃ ክለቦች ዳኑ ተባለ። ግን ስምምነቱ ውስጥ ጣሪያ ብቻ አልነበረም፣ ወለልም ነበረው፣ ማለትም እያንዳንዱ ክለብ ለደሞዝ ቢያንስ ይሄን ያህል የማውጣት ግዴታ አለበት። ሁለቱም የሚሰሉት ከጠቅላላ የሊጉ ገቢ ነው። እዚህ ጋ ነው ጉዱ። የካናዳ ዶላር በ2007 ከአሜሪካው ጋር እኩል ሆነ፣ ቶሮንቶና ሞንትሪያል ብር ማፈስ ጀመሩ፣ የሊጉ ገቢ አደገ፣ ጣሪያውም ወለሉም አብረው ወጡ። 2008-09 ላይ ወለሉ 40.7 ሚሊዮን ደረሰ። ልብ በሉ፣ ሙሉ ሲዝን የተሰረዘበት ጣሪያ 39 ነበር፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው ግዴታ እሱን አለፈው። እድር ውስጥ ሀብታሞቹ መዋጮውን በራሳቸው ኪስ ልክ ሲያሳድጉት ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሀብታሞቹ ለደካሞቹ የሚያካፍሉት ገንዘብ አለ፣ አልካድኩም፣ ግን የፊኒክሱን ክለብ (በኋላ አሪዞና የተባለውን) አላዳነውም፣ ሜይ 2009 ላይ ከሰረ። ብላክቤሪን ይሰራ የነበረው ኩባንያ ሁለት አለቆች አንዱ ጂም ባልሲሊ በ212.5 ሚሊዮን ገዝቼ ካናዳ ሃሚልተን እወስደዋለሁ አለ፣ ዳኛው አልፈቀዱም፣ በመጨረሻ ሊጉ ራሱ በ140 ሚሊዮን ገዛው።

አሁን ወደ ርእሴ። ወለሉ የሚቆጠረው በእጅ በሚከፈለው ብር አይደለም፣ ኮንትራቱ በአማካይ ለዓመት በሚደርሰው ነው። ስለዚህ ብልህ ድሃ ምን ያደርጋል? በወረቀት ላይ ውድ፣ በተግባር ርካሽ የሆነ ተጫዋች ይፈልጋል፣ እንደዛ አይነቱ ደሞ ብዙ ጊዜ መጫወት ያቆመ ሰው ነው። ክሪስ ፕሮንገር ከ2011 ጀምሮ በጉዳት አልተጫወተም፣ አሪዞና በ2015 ኮንትራቱን ከፊላደልፊያ ወሰደ፣ ለሂሳቡ 4.9 ሚሊዮን ይቆጠራል፣ የሚከፈለው 575 ሺህ ብቻ። ሰውየው በዛው ዓመት ታላላቅ ተጫዋቾች የሚከበሩበት የሆኪ ዝነኞች አዳራሽ ውስጥ ገባ፣ በዛ ላይ ተጫዋቾችን በሚቀጣው የሊጉ ቢሮ ውስጥ ስራ ነበረው፣ ማለት ዳኛም የአሪዞና "ተጫዋች"ም። በዓመቱ የዲትሮይቱ ፓቬል ዳትሱክ፣ ወደ ሩሲያ ሊመለስ ወስኖ የነበረ ሰው፣ 7.5 ሚሊዮን ቁጥሩ ብቻ አሪዞና ቀረ። ዲትሮይት ከሸክሙ ለመገላገል በድራፍት (ክለቦች በየተራ ወጣት ተጫዋቾችን የሚመርጡበት) 16ኛውን ምርጫ ሰጥታ 20ኛውን ወሰደች፣ አሪዞና በ16ኛው ያኮብ ቺክረንን መረጠ፣ ጎበዝ ተከላካይ ሆነ። በ2018 ደሞ ማሪያን ሆሳ መጣ፣ የመጫወቻ ልብሱ ቆዳውን እያስቸገረው ያቆመ፣ ቁጥሩ 5.275 ሚሊዮን፣ ክፍያው 1 ሚሊዮን። ከነዚህ አንዳቸውም ለአሪዞና አንዲት ደቂቃ አልተጫወቱም። ብዙ ሰው ይስቅበታል፣ እኔ ግን አሪዞናን አልፈርድበትም፣ ህጉ ራሱ ነው መንገዱን ያሳየው። የሚያሳዝነኝ ደጋፊው ነው፣ ቲኬት ገዝቶ የሚያየው ቡድን የደሞዝ ሊስቱ ላይ ካለው ሌላ ነው።

እንደዛም ተደርጎ አልሆነም። ቡድኑ ይጫወትባት የነበረችው ግሌንዴል ከተማ በ2021 መጨረሻ ታክስ ካልከፈላችሁ በሩን እቆልፋለሁ አለች፣ ከዛ ከስታዲየሙም ወጡና አንድ ዩኒቨርስቲ ውስጥ 5 ሺህ ሰው በማይሞላ አዳራሽ ተጫወቱ። ሜይ 2023 የቴምፒ ከተማ ነዋሪ ለቡድኑ ሊሰራ የታሰበውን አዲስ ስታዲየም በድምፅ ጣለው፣ በ2024 ቡድኑ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ሄደ። ዋጋው ስንት ይመስላችኋል? 1.2 ቢሊዮን ዶላር! የድሮው ባለቤት 1 ቢሊዮን ያህሉን ይዞ ወጣ። ይሄ ነው እንግዲህ ስታዲየም እንኳን ያልነበረው ክለብ። ባለሀብት "ከሰርኩ" ሲል ዓመታዊ ሂሳቡ እውነት ሊሆን ይችላል፣ የክለቡ ዋጋ ግን ሌላ ቦታ እየወፈረ ነው፣ ይሄን ነው ጓደኞቼን ማስረዳት ያቃተኝ።

2025-26 ላይ ወለሉ 70.6 ሚሊዮን ሆኗል፣ ጣሪያው 95.5፣ በ2027-28 ጣሪያው 113.5 ይደርሳል ተብሏል። ከተጫዋቾች ደሞዝ እየተቆረጠ ስለሚያዘው ኤስክሮው የሚባል ነገር ሌላ ቀን እጽፋለሁ፣ እሱ ለብቻው ጉድ ነው።